የበኩር ፊልምን ዋጋ ማን ከፈለው?

በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ ቅዳሜ ማታ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ወጣት ፊልም ሠሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። እንደተናገርሁት ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ።

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። የመኪና ማቆሚያ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ከኋላ የተቀመጠውን ወንድሜን አይቼዋለሁ። ያንን ዩኒፎርም እኔም ስድስት ዓመት ለብሼዋለሁ፤ የሌሊት ፈረቃ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ድካማችሁን ችላችሁ ስለ ፊልም ለመስማት በመምጣታችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አሜሪካ ነጻ ፊልም ነው። ከሆሊውድ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ገንዘብና ትእዛዝ ውጭ ስለሚሠራው ፊልም ማለቴ ነው። ከእሱም ውስጥ ስለ በኩሮቹ፤ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚሠራው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስለነዚህ ፊልሞች ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠራው ቁጥር ነው። ሮበርት ሮድሪጌዝ «ኤል ማሪያቺ»ን በ7,000 ዶላር ሠራው። ኬቪን ስሚዝ «ክላርክስ»ን በ27,575 ዶላር ሠራው። ዳረን አሮኖፍስኪ «ፓይ»ን በ60,000 ዶላር ሠራው። ፊልም ስማር እነዚህን ቁጥሮች እንደ ዳዊት እደግማቸው ነበር። ኋላ ግን አንድ ጥያቄ ያዘኝና አልለቅህ አለኝ። ማን ከፈለው? እባካችሁ ዛሬ ይህን ጥያቄ አብራችሁኝ ጠይቁ። ማን ከፈለው?

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ ስለ ገንዘቡ፤ ሁለተኛ ስለ ጊዜው፤ ሦስተኛ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ዕዳ። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ከገንዘቡ ልጀምር። በ1957 ጆን ካሳቬትስ የሚባል የ27 ዓመት ተዋናይ ኒውዮርክ ውስጥ ከተዋንያን ጓደኞቹ ጋር የሚለማመድበት ክፍል ነበረው። አንድ ሌሊት ጂን ሼፐርድ የሚባለው ሰው በሚያቀርበው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ወጣና ለአድማጩ ለመነ፤ ስለ ሰው፣ ስለ እውነተኛ ሰው የሚናገር ፊልም ማየት ከፈለጋችሁ ገንዘብ ላኩልኝ አለ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው፣ የማያውቀውን ሰው ሰምቶ፣ አንድ ዶላርም ሁለት ዶላርም በፖስታ አድርጎ ላከ። በእንዲህ ዓይነቱ ሳንቲም የተጀመረው ፊልም «ሻዶውስ» ይባላል፤ ጥላዎች እንደማለት ነው። ሁለት ጥቁር ወንድማማቾችና እህታቸው፣ ከሦስቱ ሁለቱ ቆዳቸው ነጣ ያለ፣ በኒውዮርክ ጎዳና ሲኖሩና ሲቆስሉ የሚያሳይ ነው። በ1958 ለሰው ታየ፤ ካሳቬትስ ግን አልወደደውም። አላፈረበትም፤ ተመልሶ ቀረጸው! በ1959 ሁለተኛውን ቅጂ አወጣ። ዛሬ የአሜሪካ ነጻ ፊልም ታሪክ ሲተረክ ብዙ ሰው ከእሱ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ማን ከፈለው? ሌሊት የማይተኛ ሰው ከፈለው።

ወደ ብሩክሊን እንሂድ። ስፓይክ ሊ «ሺስ ጎታ ሃቭ ኢት»ን በ1985 ሐምሌ ውስጥ በ12 ቀን ቀረጸ። ከሱ በፊት ሊሠራው የነበረ ሌላ ፊልም ፈርሶበት፣ ተስፋ የተደረገበት የእርዳታ ገንዘብም አምልጦት ነበር። አያቱ ግን ነበሩ። አስተማሪ የነበሩ ሴት ናቸው፤ የጡረታ ገንዘባቸውን ለልጅ ልጆቻቸው ትምህርት እያጠራቀሙ የኖሩ። የኮሌጁንም የፊልም ትምህርት ቤቱንም ከፈሉለት፤ ለፊልሙም መነሻ ሰጡት። አባቱ ሙዚቃውን ደረሱለት። እህቱ ተወነችለት። ቀረጻው ላይ የተጠጣው የለስላሳ ቆርቆሮ እንኳ አልተጣለም፤ ተሰብስቦ ሳንቲሙ ተመለሰ። 175,000 ዶላር የወጣበት ፊልም በ1986 ሲወጣ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሰው የሚያወራው ስለ 7 ሚሊዮኑ ነው። እኔ ስለ አያትየው ነው የማስበው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት እንደሳቸው ያሉ አያቶች አሉ? እጃችሁን አታውጡ፤ አያችኋለሁ።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ልሠራ ስነሣ ዕቁብ ነበረኝ። ሃያ ሁለት ሰው የገባበት የሠራተኞች ዕቁብ ነው፤ የጋራዥ፣ የታክሲ፣ የነርሲንግ ሆም ሰው። ካሜራ መግዛት ፈለግሁና ለዳኛው ነገርኳቸው። ዕጣ ሊወጣ በተሰበሰብንበት እሑድ ዳኛው ቆሙና «ይቺ ልጅ ፊልም ልትሠራ ነው፤ የዛሬውን ዕጣ ለሷ ብንለቅላት ምን ትላላችሁ?» አሉ። ትንሽ ዝም ተባለ። አንዲት የታማሚ ተንከባካቢ የሆነች እህት፣ በዚያ ወር ለልጇ ትኬት ልትገዛ ዕጣውን ስትጠብቅ የነበረች፣ «ይሁንላት» አለች። እንደዚያ ነው ካሜራዬ የተገዛው። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ በስንት ብር ሠራሽው ይለኛል። እንዴት አድርጌ በቁጥር ልመልስ? የዚያችን እህት አንድ ወር በየትኛው መዝገብ ልጻፈው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል ስሰማ ያቺ እሑድ ናት የምትታየኝ።

ሮድሪጌዝ ደግሞ በገዛ አካሉ ነው የከፈለው። ቴክሳስ ውስጥ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት ቦታ ገብቶ ለአንድ ወር ያህል ተኛ፤ ደሙን እየቀዱ ከፈሉት። ስክሪፕቱን የጻፈው እዚያው አልጋ ላይ ነው። አጠገቡ ተኝቶ የነበረውን ሌላ ሰው እንኳ የፊልሙ ዋና ጠላት አድርጎ አሠርቶታል! ከዚያ ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ፣ ሲውዳድ አኩኛ ገባ፤ ጓደኛው ካርሎስ ጋያርዶ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሆነ፤ ካሜራ የሚገፋበት ሐዲድ ስለሌለው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀረጸ። ፊልም እንዳያልቅበት አብዛኛውን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረጸው። ኮሎምቢያ ፒክቸርስ የሚባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ሲገዛውና ለሲኒማ ሲያዘጋጀው ያወጣው ገንዘብ ግን ከ7,000ው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልጆቼ፣ ይቺን አደራ ያዙልኝ። 7,000 ዶላሩ ፊልሙን ቀርጾ ለመጨረስ ነው የበቃው። እናንተ ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ያያችሁት ነገር ሌላም ሒሳብ አለበት።

አሮኖፍስኪ ለ«ፓይ» ዘመድና ጓደኛውን እያንዳንዳቸው 100 ዶላር እንዲያዋጡ ለመነ። ፊልሙ ሲሸጥ ለእያንዳንዱ 150 ዶላር መለሰ። መመለሱን ነው የምወድለት። ሌላ አልጨምርም።

ሁለተኛው ነገር፣ እንዳልኳችሁ፣ ጊዜው ነው። ይህንን አሳጥራለሁ።

ዴቪድ ሊንች «ኢሬዘርሄድ»ን በ1972 ጀመረ። ፊልሙ የወጣው በ1977 ነው። አምስት ዓመት! ገንዘቡ ሲያልቅ ጋዜጣ እያደለ ኖረ። በዚያ ፊልም ውስጥ ዋናው ሰውዬ በሩን ሲከፍት ታዩታላችሁ፤ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ታዩታላችሁ። በሁለቱ መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አለ። ተዋናዩ ጃክ ናንስ ያንን የቆመ ጸጉር ይዞ ዓመታት ጠበቀ። ኤዲተር ስለሆንኩ ይህ ነገር በጣም ይነካኛል። ሁለት ቁራጭ ሳጋጥም በመካከላቸው የሰው ዕድሜ ያለ ሆኖ ይሰማኛል።

የኛዋንም ልጥራ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ» የተባለውን የመጀመሪያ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልሟን ከብሩክሊን ሐረር፣ ከሐረር ብሩክሊን እየተመላለሰች ለመጨረስ አሥር ዓመት ፈጅቶባታል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ስለ ጫትና በጫት ዙሪያ ስለሚኖረው ሰው፤ በ2021 ሰንዳንስ በሚባለው የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ያላያችሁ እዩት። ጭሱ ሲነሣ፣ ድምፁ ሲወርድ፣ ያ ምድር ራሱ የሚያስብ ይመስላል። በአንድ ክረምት ተኬዶ የሚገኝ ዓይነት ምስል አይደለም።

አንዳንዱ በኩር ደግሞ የመጨረሻም ይሆናል። ባርባራ ሎደን በ1970 «ዋንዳ»ን ጻፈች፣ አዘጋጀች፣ ራሷ ተወነችበት። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመች። ሁለተኛ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም ግን ሳትሠራ በ1980 በ48 ዓመቷ ዐረፈች። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ልቤ ይሰበራል፤ ሁለተኛው ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ማሰቡን መተው አልቻልሁም።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ።

ከእናንተ መካከል አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ያደገ አለ? አለ፤ አየሁ። አባቴ የቄራ ሠራተኛ ነበር። ማታ ሲመጣ ልጆቹን ከመንካቱ በፊት እናቴ የሞቀ ውኃና ሎሚ ታቀርብለት ነበር። ታጥቦ፣ ታጥቦ፣ ያ ጠረን አይለቀውም ነበር። በዓል ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ሲደሰት፣ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ነው የሚመጣው። ዶሮው ወጥቶ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ አባቴ ተቀምጦ እንቅልፍ ይወስደዋል። የልጅነቴ ፋሲካ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ነገር ፊልም ይሠራል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የቄራ ሠራተኛ ሕይወት ለፊልም ይበቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በ2007 ግን አንድ ሲኒማ ቤት ገባሁና «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን አየሁ። የበግ አራጁ ማለት ነው። ስታን የሚባል ሰው አለ፤ ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የሚኖር፣ በግ የሚታረድበት ቦታ የሚሠራ። የኔ አባት ተቀምጦ ይተኛል፤ ስታን ተጋድሞም አይተኛም። ሚስቱ ታየዋለች። ትጠብቀዋለች። አንድ ቦታ ላይ በዳይና ዋሽንግተን ዘፈን ሁለቱ ይደንሳሉ፤ ባዶ ደረቱን ትደባብሰዋለች፤ እሱ ዘፈኑ ሲያልቅ ትቷት ይሄዳል። ሌላ ቦታ ስታንና ጓደኛው አሮጌ የመኪና ሞተር በመከራ ደረጃ አውርደው፣ መኪናው ላይ ጭነው፣ መኪናው ገና ሲነሣ ሞተሩ ወድቆ ይሰበራል። ያን ያህል ለፍተው! ልጆቹ ደግሞ ከጣራ ጣራ ይዘላሉ፤ ካሜራው ከታች ሆኖ ያያቸዋል። ያንን ፊልም ጨርሼ ስወጣ ሌላ ሰው ሆኜ ወጣሁ። አባቴን አየሁት።

አዘጋጁ ቻርልስ በርኔት ይባላል። ዋትስ ያደገ ልጅ ነው። ፊልሙ በዩሲኤልኤ፣ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የመመረቂያ ሥራው ነበር። በ1970ዎቹ፣ ቅዳሜና እሑድ እየጠበቀ፣ ከ10,000 ዶላር በታች በሆነ ገንዘብ ሠራው። ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ካሜራውን ያዘ፣ ራሱ ኤዲት አደረገ። የሰፈሩ ሰው ተወነለት፤ የሰፈሩ ልጆች ዕቃ ተሸከሙለት። በ1977 አለቀ። እና እኔ ያየሁት በ2007 ነው። ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት የት ነበር?

መልሱ አንድ ነው። ሙዚቃ። በርኔት የጥቁሮችን ዘፈኖች እንደ ታሪክ መዝገብ አድርጎ በፊልሙ ውስጥ ደርድሯቸዋል። ለተማሪ ሥራ ስለሆነ ለሲኒማ የሚያበቃ ፈቃድ አልተገዛለትም። በ1981 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ። በ1990 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ መጠበቅ ካለባቸው ፊልሞች ጋር መዘገበው። ክብሩ ሁሉ አለ፤ ሲኒማ ቤት ግን አይገባም! የዘፈኖቹን ባለመብቶች ለማስፈቀድ በኋላ የወጣው 150,000 ዶላር ገደማ ነው። ፊልሙን ለመሥራት ከወጣው ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ።

ማን ከፈለው? የዩሲኤልኤ የፊልም መዝገብ ቤት ፊልሙን አደሰው። ማይልስቶን የሚባል አነስተኛ አከፋፋይ ዓመታት ተሟገተለት። ገንዘቡን ለመሙላት ካገዙት አንዱ ስቲቨን ሶደርበርግ ነው። ሶደርበርግን ታውቁታላችሁ፤ በ1989 በ26 ዓመቱ በበኩር ፊልሙ የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ የወሰደ ሰው ነው። በበኩሩ በር የተከፈተለት ሰው፣ በበኩሩ በር ለተዘጋበት ታላቁ ከፈለ። ይህን ደግሜ ልበለው። በሩ የተከፈተለት፣ በሩ ለተዘጋበት ከፈለ።

ወጣቶች ሆይ፣ የሙዚቃውን ነገር ከኔም ተማሩ። ያ የዕቁቡ ፊልሜ ውስጥ አንድ የድሮ ትዝታ አስገብቼ ነበር፤ እናቴ የምታንጎራጉረው። አንድ ፌስቲቫል ተቀበለኝና የጽሑፍ ፈቃድ አምጪ አለኝ። ባለቤቱን ፍለጋ ሁለት ዓመት ተንከራተትሁ። ዘፋኙ ዐርፏል፤ ካሴቱን ያሳተመው ሱቅ ተዘግቷል፤ ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ፊልሙ ዛሬም ሳጥን ውስጥ ነው። ያቺ ትኬቷን የተወችልኝ እህት «መቼ ነው የምናየው?» ስትለኝ መልስ የለኝም። እለምናችኋለሁ፤ ካሜራ ከማንሣታችሁ በፊት ዘፈኑ የማን እንደሆነ እወቁ። የሚዘፍን ጓደኛ ካላችሁ አዲስ ዜማ አሠሩት፤ በወረቀት ተዋዋሉ፤ ለሱም ክብር ነው።

አሁን ወደዚሁ ከተማ ልመለስ። በርኔት ዩሲኤልኤ ሲማር አብሮት የነበረ የጎንደር ልጅ አለ፤ ታውቋቸዋላችሁ፤ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ። በ1967 ነው አሜሪካ የመጡት። እዚያ ትምህርት ቤት የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ካሜራ ይይዛል፤ አንዱ ለሌላው ድምፅ ይቀዳል፤ አንዱ ለሌላው ይተውናል። ኃይሌ በ1975 «ቡሽ ማማ»ን ሲሠሩ ካሜራ ከያዙላቸው አንዱ ይኸው በርኔት ነው። ፊልሙ ሲጀምር ፖሊስ ሰዎችን አስቁሞ ሲፈትሽ ታያላችሁ። ትወና አይደለም፤ ፖሊስ የቀረጻ ቡድኑን በእውን ያስቆመበት ነው። በዚያው ዘመን ኃይሌ አገር ቤት ገብተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ይህንን ሁሉ ማን ከፈለው? እርስ በርሳቸው ከፈሉት፤ የአንዱ ቅዳሜ ለሌላው ቅዳሜ።

«ሳንኮፋ» የተባለው የኃይሌ ፊልም በ1993 ሲያልቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሡት። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት ተከራዩ። በየከተማው፣ ራሳቸው። የጥቁሩ ማኅበረሰብ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ወሬውን ይዞ ዞረ፤ ሰው ተሰለፈ። ጆርጂያ ጎዳና ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን የመጻሕፍትና የቡና ቤታቸውን አልፋችሁት ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ታክሲ ይዛችሁ በየቀኑ ነው የምታልፉት። ስሙ ከዚያ ፊልም የመጣ ነው። ግቡበት። ቡና ጠጡበት።

ልጃቸው መራዊ ገሪማ በ2020 የራሱን በኩር አወጣ፤ «ረዚዱ» ይባላል። የሠራው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ኤኪንግተን ሰፈር ነው። አንድ ወጣት ስለ ሰፈሩ ስክሪፕት ሊጽፍ ከካሊፎርኒያ ይመለሳል፤ ሰፈሩ ተሸጧል፤ ጓደኛው የት እንደገባ የሚነግረው የለም። አባቶቼ፣ እናንተ በዚያ ሰፈር ጋራዥ ስትጠብቁ፣ በዚያ ሰፈር ሱቅ ስትከፍቱ፣ ያ ሰፈር በዓይናችሁ ፊት ሲለወጥ ነበር። እናንተም የምታውቁት ታሪክ ነው። ልጆቻችሁ ጠይቀዋችሁ ያውቃሉ? ነግራችኋቸው ታውቃላችሁ?

ከዚህ በላይ አላቆያችሁም። ቤተ መጻሕፍቱ ፈቃዱን በደንብ አስጨርሶልን አሁን «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን አብረን እናያለን፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ነው። ሲጀምር የአንድ ልጅ ፊት ታያላችሁ፤ አባቱ ለምን ለወንድምህ አልተጋደልህለትም ብሎ ይቆጣዋል። እዚያ ላይ እንግሊዝኛው ቢፈጥንባችሁ አትጨነቁ፤ ፊቱን ብቻ እዩ። ለዛሬው ምሽት ዳቦውን ጋግራ ያመጣችልን፣ እዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው እህቴ፣ ያቺ የዕቁቡ እህት ናት። ወደ ፊት ነይ፤ እዚህ መካከል ቦታ ይዤልሻለሁ። ኋላ ያላችሁ ወንድሞች፣ መብራቱን አጥፉልን።